በነፋስና በጎርፍ የተጎዳ የጣና ደሴት ደብርን ለሁለት ዓመት እንዴት መደገፍ ይቻላል፦ ለባሕር ዳር ሰበካ ጉባኤያትና ማኅበራት

አደጋ በደረሰ በሳምንቱ ጀልባው ጢም ብሎ ይሄዳል። ዱቄት፣ ዘይት፣ ብርድ ልብስ፣ ላስቲክ ይጫናል። ጥቅምት ላይ ጭነቱ ግማሽ ይሆናል። ጥር ላይ የሚሄድ ሰው አይገኝም። ሰኔ ሲገባ ያ ቤት አሁንም ጣሪያ የለውም፤ ዝናቡ ደግሞ መጣ። ብዙ ሰበካ ጉባኤያት፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የጽዋ ማኅበራት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ልባቸው ቀና ነው፣ ገንዘብም አያጡም። ችግሩ ርዳታው ሲታሰብ የታሰበው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ መሆኑ ነው።

ይህ መመሪያ ከእነዚያ ሳምንታት በኋላ ላለው ጊዜ ነው። ባሕር ዳር ያለ አንድ ደብር በደቅ፣ በዘጌ ወይም በሌላ የሐይቁ ዳርቻ ካለ አንድ ደብር ጋር ተያይዞ፣ መንደሩ በእግሩ እስኪቆም እንዴት እንደሚዘልቅ ይናገራል።

ሀሪኬን የሚባለው የውቅያኖስ ማዕበል ጣና አይደርስም። ሀሪኬን ከሚመታቸው ደሴቶች የምንማረው ግን አለ። በመስከረም 2010 ዓ.ም. ማሪያ የተባለው ሀሪኬን ፖርቶ ሪኮን ሲመታ፣ መብራት ለመላው ደሴት እስኪመለስ ወደ 11 ወር ፈጅቷል። ብዙ ቤቶች ከዓመት በላይ በሰማያዊ ላስቲክ ተሸፍነው ቆይተዋል። ደሴት ላይ ጥገና ይዘገያል፤ ሚስማር እንኳ ውሃ መሻገር አለበት። ስለዚህ የምታቅዱት በሳምንት ሳይሆን በክረምት ቁጥር ይሁን።

ደረጃ 1፦ አንድ ደብር ምረጡ፣ ሁለት ክረምት ቃል ግቡ

1. አንድ ደብር ከአንድ ደብር ጋር ይተሳሰር። «በጣና ዙሪያ የተጎዱትን ሁሉ እንርዳ» አትበሉ። በ1998 እና በ2012 ዓ.ም. ክረምት ፎገራና ደምቢያ በጎርፍ ሲጥለቀለቁ የተጎዳው ሕዝብ ብዛት ለአንድ ሰበካ ጉባኤ የሚቻል አልነበረም። አንድ መንደር ግን ይቻላል።

2. ጊዜውን በጽሑፍ አስቀምጡ። ከዘንድሮ መስከረም ጀምሮ ሁለት ዓመት በሉ። መጨረሻው ቀን ከመጀመሪያው መታወቅ አለበት፤ ለእናንተም ለእነሱም።

3. በደብራችሁ ሥር ያሉትን ማኅበራት አንድ በአንድ ጥሩና ለእያንዳንዱ አንድ ሥራ ስጡ። የማርያም ማኅበር ቆርቆሮ፣ የሚካኤል ማኅበር ዘር፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ደብተርና የተማሪ ልብስ ይያዝ። እድሮቻችሁን አትርሱ። ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት ያላቸው እነሱ ናቸው፤ ድንኳኑ ለዕቃ ማስቀመጫም ለጊዜያዊ መማሪያም ይሆናል።

4. መዋጮውን በወር ይሁን። አንድ ጊዜ 1,200 ብር ከሚሰጥ ሰው ይልቅ በወር 50 ብር ለ24 ወር የሚሰጥ ሰው ለዚህ ሥራ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ገንዘብ ታኅሣሥ ሳይደርስ ያልቃል፤ የሁለተኛው ሁለተኛውን ክረምት ያሻግራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ልብስ መሰብሰብ አትጀምሩ። ያረጀ ልብስ ጀልባ ይሞላል፣ መጋዘን ይይዛል፣ መለየቱ ብቻ ቀናት ይፈጃል። ልብስ የሚያስፈልጋቸው ቤተሰቦች ካሉ ዝርዝሩ ሲሠራ ይታወቃል፤ ያኔ ለይታችሁ ግዙ።

ደረጃ 2፦ ወረቀቱንና የባንክ ሒሳቡን ጨርሱ

ይህን ደረጃ «በኋላ ይደርሳል» ብሎ መዝለል የብዙዎች ልማድ ነው። አትዝለሉት።

1. ከሰበካ ጉባኤያችሁ ደብዳቤ አውጡ። በወረዳ ቤተ ክህነት በኩል ለሀገረ ስብከቱ ይድረስ። የደሴቱ ደብርም በበኩሉ የፈቃድ ደብዳቤ ይጻፍ።

2. ደሴቱ ላለበት ወረዳ አስተዳደርና ለአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤቱ አሳውቁ። መንግሥት ወይም ሌላ ድርጅት ቆርቆሮ ሊሰጥ ካቀደ እናንተ ወደ ዘር ትዞራላችሁ።

3. ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን የባንክ ሒሳብ በደብሩ ስም ክፈቱ። ፈራሚዎች ሦስት ይሁኑ፤ ገንዘብ የሚወጣው በሁለቱ ፊርማ ይሁን።

4. ለእያንዳንዱ ሳንቲም የደብሩን ሕጋዊ ደረሰኝ ቁረጡ። በወሩ መጨረሻ ገቢና ወጪውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት በር ላይ ለጥፉ።

ከተበላሸ፦ አንድ በጎ ልጅ በራሱ ስልክ በቴሌብር መሰብሰብ ከጀመረ አትቆጡት፣ ግን ቀን አትስጡት። በዚያው ዕለት የገባውን ዝርዝር ያውጣ፣ ገንዘቡን ወደ ሒሳቡ ያዛውር፣ አዲሱ ቁጥር ከቅዳሴ በኋላ ይነገር። ሐሜት አንዴ ከተነሳ ሥራውን ያቆመዋል፤ ልጁም በከንቱ ስሙ ይጠፋል።

ደረጃ 3፦ ሄዳችሁ እዩ

ማን ይሂድ? ከአምስት ወይም ከስድስት ሰው አይብዛ። አንድ ካህን፣ አንድ አናጺ፣ አንድ የግብርና ባለሙያና ቢያንስ ሁለት ሴቶች ይኑሩበት። ሴቶቹ ለይስሙላ የሚገቡ አይደሉም። ወንዶች ለተሰበሰቡበት ኮሚቴ የማይነገር ብዙ ጉዳይ ለእነሱ ይነገራል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማይገባባቸው ግን ቀድማችሁ አስቡ፤ ደቅ ላይ ይህ ችግር የለም።

መቼ? ማለዳ ተነሱ። ጣና ጠዋት ረጋ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ተንሳፋፊ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። ባለ ጀልባው ዛሬ አይሆንም ካለ አትከራከሩት።

ቀኑን ደግሞ ከቀን መቁጠሪያው ጋር አስተያዩ። በ12፣ በ21 ወይም በሌላ በዚያ መንደር በሚከበር ወርኃዊ በዓል ብትደርሱ እርሻና ግንባታ የሚነካ ሰው አታገኙም። የትኞቹ ቀናት እንደሚከበሩ ለቄሰ ገበዙ ደውላችሁ ጠይቁ። ስንቃችሁም ጾሙን የጠበቀ ይሁን።

እዚያ ስትደርሱ፦

1. መጀመሪያ ለአስተዳዳሪውና ለአገር ሽማግሌዎች ሰላምታ አቅርቡ። ቤት ለቤት መዞር የሚጀምረው እነሱ ሰው ካስከተሏችሁ በኋላ ነው።

2. «ምን ይምጣልዎ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «እግዜር ያመጣላችሁን» ነው፤ ጨዋ ሰው ይህን ይላል። ይልቅስ «እማማ፣ አምና ይህን ጊዜ ምን እየሠሩ ነበር?» በሉ። «ዳጉሳ ነበረኝ፣ ሁለት ላም አልብ ነበር፣ ጌሾ እሸጥ ነበር» ይሏችኋል። የጠፋው ምን እንደሆነ በዚህ ታውቃላችሁ። የምትጽፉትም ይህንን ነው።

3. የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርጉ። ይህ ከሁሉ በላይ ነው። የጣና ውሃ ከፍ የሚለው ወደ መስከረምና ጥቅምት ነው፤ ዝቅ የሚለው ወደ ግንቦትና ሰኔ። በሚያዝያ ቤት የሚሠራ ሰው ባዶውን ዳርቻ አይቶ «ውሃው እዚህ አይደርስም» ይላል። ስለዚህ መስከረም ላይ ውሃው በደረሰበት ጫፍ ችካል ትከሉ፣ በድንጋይና በዛፍ ላይም ቀለም ቀቡ። በኋላ ማንም ሰው ከዚያ መስመር በታች እንዳይሠራ የምታሳምኑት በዚህ ነው።

4. ፎቶ ስታነሱ አስፈቅዱ። የሚያለቅስ ሰው አታንሱ። የተነቀለ ጣሪያ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ዝርዝሩን በአደባባይ አስነብቡ

የደሴቱ ሰዎች ራሳቸው ሰባት ሰው ይምረጡ፤ ከካህናት፣ ከሽማግሌ፣ ከሴቶች፣ ከወጣት፣ ከቀበሌ። ዝርዝሩን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። የእናንተ ሥራ መጻፍና መጠየቅ ነው።

ቤቶቹን በሦስት ክፈሉ፦ ሙሉ በሙሉ የፈረሰ፣ ጣሪያው የሄደ፣ በትንሽ ጥገና የሚድን። ከእነዚህ ውስጥ ባል የሞተባት፣ አቅመ ደካማና ወላጅ የሌላቸው ልጆች ያሉበት ቤት ይቅደም። መለኪያው ጉዳት እንጂ ሃይማኖት ወይም ለደብሩ የከፈለው አስራት አይደለም። በመንደሩ ሌላ እምነት የሚከተል ቤተሰብ ካለ እኩል ይጻፍ።

ከዚያ ስሞቹን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አንድ ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ አንድ ጊዜ በቀበሌው ስብሰባ። ቅሬታ ያለው በሳምንት ውስጥ ይናገር። ሳምንቱ ካለፈ በኋላ አስተዳዳሪው፣ የኮሚቴው ሰብሳቢና የእናንተ ተወካይ ይፈርሙ።

ከተበላሸ፦ የቀበሌው ዝርዝርና የደብሩ ዝርዝር ካልተገጣጠሙ አንዱን መርጣችሁ አትቀጥሉ። ሁለቱንም ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡና የሚለያዩትን ስሞች ብቻ ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ እዩ። ብዙውን ጊዜ ልዩነቱ በእንዝህላልነት የመጣ ነው፤ ከወላጆቹ ጋር የሚኖር አዲስ ባለ ትዳር አንዱ ጋ ተቆጥሮ ሌላው ጋ ይቀራል።

ደረጃ 5፦ ሥራውን ከወራቱ ጋር አስማሙ

ይህን ቀን መቁጠሪያ ገልብጡና ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

መስከረም – ኅዳር፦ ውሃው ሲሸሽ ወባ ይመጣል። አጎበር፣ ወደ ጤና ኬላ የሚወስድ ትራንስፖርት፣ የሚጠጣ ውሃ ላይ አተኩሩ። ጎርፍ የገባበት ምንጭና ጉድጓድ ታክሞ እስኪጸዳ ድረስ ውሃው ይፈላ ወይም በውሃ አጋር ይታከም። የመስከረም ሽምብራ ዘርም በዚህ ጊዜ ነው፤ ካመለጠ አመለጠ።

ታኅሣሥ – ሚያዝያ፦ ግንባታ። ጭቃ የሚደርቀው፣ ጀልባ የሚመላለሰው፣ ሰውም ከአጨዳ በኋላ እጁ የሚፈታው አሁን ነው። ዐቢይ ጾም እዚህ ውስጥ ይወድቃል፤ በጾም ወራት የሥራው ቀን አጭር መሆኑን ቁጠሩ።

ግንቦት – ሰኔ፦ የውሃ መውረጃ ቦይ፣ የክረምት ዘር፣ የላላ የጣሪያ ማሰሪያ ሽቦ ማጥበቅ።

ሐምሌ – ነሐሴ፦ ግንባታ አትጀምሩ። እህል በጎተራ የሚያልቅበት ጊዜ ነው፤ ለእሱ ተዘጋጁ። ሰው ላኩ፣ ጠይቁ፣ አጽናኑ።

ደረጃ 6፦ ዕቃውን አሻግሩ

አጭር ደረጃ ናት፤ ዕቃ የሚበላሸው ግን እዚህ ነው። ሰውና ቆርቆሮ በአንድ ጀልባ አትጫኑ፤ ጀልባ ሲናወጥ የቆርቆሮ ጠርዝ ሰው ይቆርጣል። ሲሚንቶ ከሥርም ከላይም ላስቲክ ይደረግለት፤ ሁለት ከረጢት አንድ ኩንታል ነው፣ የባለ ጀልባውን የጭነት ልክ በኩንታል ጠይቁና ከዚያ አትለፉ። ሚስማርና ሽቦ በባልዲ ክዳን ገጥማችሁ ላኩ። እንጨት ከዋናው መሬት ከባሕር ዛፍ ይገዛ። የገዳም ደን አይቆረጥ፤ ቆመው የቀሩት ዛፎች ለመንደሩ የነፋስ መከላከያ ናቸው።

ዕቃው ሲወርድ የደሴቱ ኮሚቴ ቆጥሮ በሁለት ቅጂ ይፈርም። አንዱ ቅጂ ከባለ ጀልባው ጋር ተመልሶ ይምጣ።

ደረጃ 7፦ ነፋስ የማይነቅለው ቤት ሥሩ

ጣሪያ የሚነቀለው ነፋሱ ከላይ ስለሚጫነው አይደለም። ከክፈፉ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ስለሚያነሳው ነው። ሥራችሁ ሁሉ ጣሪያውን ወደ ታች መያዝ ነው።

1. ቦታ፦ ከመስከረሙ ችካል በላይ። ሌላ አማራጭ ከሌለ የቤቱን ወለል በድንጋይና በአፈር ከፍ አድርጉ።

2. ቋሚ፦ የሚቀበረውን ጫፍ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት፤ ምስጥ ይፈራዋል። ጉድጓዱ ከ60 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ የማዕዘኖቹ 80 ይሁን። ዙሪያውን በድንጋይ ጠቅጥቁት።

3. ሰያፍ ድጋፍ፦ በእያንዳንዱ ማዕዘን በሁለቱም በኩል አንድ አንድ እንጨት በሰያፍ ምቱ። ቤቱ በነፋስ ሲገፋ እንዳይዘም የሚይዘው ይህ ነው። አናጺዎች ለማፍጠን የሚተዉት የመጀመሪያው እንጨትም ይኸው ነውና ቆማችሁ አስመቱ።

4. ወራጅ፦ ከቋሚው ጋር በሚስማር ብቻ አትተዉት። ማሰሪያ ሽቦ ድርብ አድርጋችሁ በወራጁ ላይና በቋሚው ዙሪያ አዙሩና በጉጠት አጥብቁ። ሚስማር ይነቀላል፤ የታሰረ ሽቦ ይይዛል። ሀሪኬን በሚመላለስባቸው አገሮች ለዚሁ ሥራ የብረት ማሰሪያ ይጠቀማሉ፤ ለእኛ ሽቦው ይበቃል።

5. ቅርጽ፦ ወደ ሁለት ጎን ከሚያፈስ ጣሪያ ይልቅ ወደ አራቱም ጎን የሚያፈስ ጣሪያ ነፋስ ይችላል። ክፈፉ ከግድግዳው ከ45 ሳንቲ ሜትር በላይ አይውጣ። ሰፊ በረንዳ የሚፈልግ ቤተሰብ ካለ በረንዳውን ለብቻው ጣሪያ ሥሩለት፤ ነፋስ ሲወስደው ዋናውን ይዞ እንዳይሄድ።

6. ቆርቆሮ፦ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል። 35 ቁጥር በርካሽ ተገኘ ብላችሁ አትግዙ፤ ሚስማሩ ጋ ተቀዶ ይሄዳል። 28 ግዙ፤ ገንዘብ ካነሰ 30። በዳርቻውና በጫፉ ላይ ሚስማሩን አንድ ጉብታ እየዘለላችሁ ምቱ፣ መሐል ላይ ሁለት እየዘለላችሁ። ሁልጊዜ በጉብታው ላይ እንጂ በጎድጓዳው አይሁን፤ ጎድጓዳው ውሃ ያስገባል።

7. ምርጊት፦ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አስቦኩት፣ ጥቂት ቀን ይተኛ፣ ደግማችሁ ርገጡት። ሁለተኛው ልስን የሚቀባው የመጀመሪያው ደርቆ ከተሰነጣጠቀ በኋላ ነው።

የደቦው ወጪ

ቤት የሚቆመው በደቦ ነው፤ ደቦ ደግሞ ጠላና እንጀራ ይፈልጋል። ሁሉ የጠፋባት እናት ደቦ ለመጥራት ትሳቀቃለች፤ ምን ታብላቸው? ቆርቆሮው ደርሶ፣ ሚስማሩ ደርሶ፣ ቤቱ ወራት ሙሉ ሳይጀመር የሚቆይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከባሕር ዳር የሚሄድ ሰውም ምክንያቱን አይጠይቅም፤ «ሰነፉ» ይልና ይመለሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት የደቦ እህል በበጀቱ ውስጥ አስገቡ፦ ጤፍ ወይም ዳጉሳ፣ ጌሾና ብቅል፣ ሽሮና ዘይት። ድግሱ ከእሷ ቤት ይውጣ። እንግዳ ተቀባይ እሷ ናት፤ እናንተ ከኋላ ሁኑ።

የተሰጠው ቆርቆሮ ተሽጦ ብታገኙትስ?

ይሆናል። አትጩሁ፣ ስሙንም በስብሰባ አታንሱ። ብዙ ጊዜ ከበስተጀርባው ሐዘን አለ። በአደጋው ሰው የሞተበት ቤት ተስካር ማውጣት ነበረበት፤ የሚሸጥ ሌላ ነገር ስላልነበረው ክዳኑን ሸጠ። የንስሐ አባቱን ላኩና ነገሩን በእርጋታ ይወቁ። ተስካሩ በአንድ ገበታ፣ ወይም በጋራ ከሌሎች ሐዘንተኞች ጋር እንዲደረግ ካህናቱ ይምከሩ። ቤተሰቡ ከዝርዝሩ አይሰረዝ፤ ሁለተኛው ቆርቆሮ ግን ቤቱ ላይ በሚመታበት ቀን ይሰጠው። ቀድሞ ማሰብ ከቻላችሁ ደግሞ፣ ሰው ለሞተበት ቤት ለአርባው የሚሆን ትንሽ እህል በመጀመሪያው ጀልባ ላኩ።

ደረጃ 8፦ ዘርና መተዳደሪያ

ዘር ከቅርብ ቀበሌ ግዙ። የሩቅ ዘር ለመሬቱ ላይስማማ ይችላል። የግብርና ባለሙያው ከመግዛታችሁ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ይፈትነው፤ ከመቶው ፍሬ አብዛኛው ካልበቀለ መልሱት።

ዘጌ ላይ የምትሠሩ ከሆነ በሬ አትግዙ። በዘጌ በበሬ ማረስ በቆየው ሥርዓት የተከለከለ ነው፤ ኑሮው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። ነፋስ የጣለው የቡና ዛፍ ተተክቶ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይወስዳል። እስከዚያ የገቢ ክፍተት አለ። ችግኝ ብቻ ሰጥታችሁ አትሂዱ፤ በቶሎ የሚደርስ ነገር ጨምሩ፤ ዶሮ፣ የንብ ቀፎ፣ የጓሮ አትክልት።

ስለ ጓያ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ። ጎርፍ ከሸሸ በኋላ ጓያ በቀላሉ ይበቅላል፣ ርካሽም ነው። ግን ለወራት ጓያን ብቻ የሚበላ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል፤ የማይመለስ ሽባነት ነው። ጓያ ለርዳታ ገዝታችሁ አትላኩ። መንደሩ ራሱ ዘርቶት ከሆነ ሌላ እህል እንዲቀላቅል፣ በተለይ ጉልበት ለሚሠሩ ወጣቶች፣ እህል ጨምሩላቸው።

ደረጃ 9፦ ቤተ ክርስቲያኑና ንዋያቱ

ብዙዎች ከዚህ መጀመር ይፈልጋሉ። እኔ ሰዎቹ ከመጠለላቸው በፊት በጉልላት ገንዘብ ባይወጣ እላለሁ፤ የደሴቱ ካህናትም ብትጠይቋቸው እንዲሁ ይላሉ። ወዲያው መደረግ ያለበት አንድ ነገር ግን አለ፤ የሚያፈስ ጣሪያ በሸራ መሸፈን።

ከዚያ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ። በጣና አብያተ ክርስቲያናት ያሉት ሥዕሎች ብዙዎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። የረጠበውን አትጥረጉ፣ አትንኩ፣ ሚስማር አጠገቡ አትምቱ። የረጠበ የብራና መጽሐፍ ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር አይቀመጥ፤ ብራና ይኮማተራል። የተጣበቀ ገጽ በጉልበት አይከፈት። ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ይቀመጥና የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ባለሙያ ይጠራ። ታቦት፣ መስቀልና ንዋየ ቅድሳት የካህናት ጉዳይ ነው። ዕቃ ማሸጋገር ሲያስፈልግም በጎ ፈቃደኛ ወደ መቅደስ አይግባ።

ደረጃ 10፦ ሁለተኛውን ክረምት ተሻገሩ

ከጠቅላላው ገንዘብ ሩቡን ለዚህ አስቀምጡ። ማንም ቢለምን አትንኩት።

በግንቦት አናጺውን ይዛችሁ ተመለሱ። በእያንዳንዱ የተሠራ ቤት ሦስት ነገር እዩ፦ ሽቦው ላልቷል? ሚስማር ወጥቷል? ቦዩ ተደፍኗል? በዚያው ቀን አስተካክሉ። የስልክ ሰንሰለት ሥሩ፤ ከደሴቱ አንድ ሰው፣ ከባሕር ዳር አንድ ሰው፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ምትክ። በክረምቱ በየሳምንቱ አንድ ቀን ይደዋወሉ፣ ምንም ባይኖርም።

ከተበላሸ፦ በዚህ ወቅት መዋጮው ይቀንሳል። በስብከት አትውቀሱ። ከደሴቱ አንድ ሰው ጋብዙና ከቅዳሴ በኋላ ለአምስት ደቂቃ ራሱ ይናገር፤ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደቀረ። መዋጮ ያቋረጡ ማኅበራትን አንድ በአንድ ጥሩና በቀረው ሥራ ላይ የቀረውን ብር ንገሯቸው። ከኮሚቴው የደከመ ሰው ካለ በክብር ይሰናበት፣ ሌላ ይተካ።

ደረጃ 11፦ እንዴት ትወጣላችሁ

ማብቂያው ከመድረሱ ስድስት ወር በፊት ለደሴቱ ኮሚቴ ንገሩ። በዚያ ስድስት ወር ግዢውን እነሱ ይግዙ፣ እናንተ ደረሰኝ ብቻ እዩ።

መጋዙን፣ መዶሻውን፣ ጉጠቱን፣ መሰላሉንና የተረፈውን ሽቦ ለደብሩ አስረክቡ። በመዝገብ ይመዝገብ፣ ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ይሁን፤ ማንም ቤቱን የሚጠግን ፈርሞ ይውሰድ። የሁለቱን ዓመት ሒሳብ ከኮሚቴው ውጭ የሆነ የሒሳብ ሰው ይመርምርና ውጤቱ በሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት ይነበብ። የተረፈ ገንዘብ ካለ በጋራ ስብሰባ ተወስኖ ለሚቀጥለው ክረምት የእህል መጠባበቂያ ይሁን፣ ሒሳቡም ይዘጋ። የስልክ ሰንሰለቱን ግን አትቁረጡ። በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ የባሕር ዳሩ ተጠሪ ይደውልና የመስከረሙ ችካል በቦታው መኖሩን፣ ከሥሩም አዲስ ቤት አለመሠራቱን ይጠይቅ።